ድንች፣ ጨውና ቀይ ስር፦ ኦስሞሲስን በቤት ውስጥ በቁጥር ለማየት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ኦስሞሲስን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከደብተር ነው። «ውሃ ከበዛበት ወደ አነሰበት፣ መርጦ በሚያሳልፍ ሽፋን በኩል ሲያልፍ» ብለን እንጽፋለን፣ እንሸመድዳለን፣ ፈተና ላይ መልሰን እንወጣለን። አባባሉ ስህተት የለበትም። ግን ሁለት ነገር አይነግረንም። ስንት ውሃ ነው የሚያልፈው? ሽፋኑስ ምን እየሠራ ነው?

ሁለቱንም ጥያቄ ያለ ላብራቶሪ መመለስ ይቻላል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የሙከራ ዕቃ ለሌላቸው የባዮሎጂ መምህራንና ልጆቻቸውን ማስጠናት ለሚፈልጉ ወላጆች ነው። ዋናው ሙከራ ግማሽ ቀን ይወስዳል። አብዛኛው ጊዜ ግን መጠበቅ ነው። በጽኑ የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር መመዘንን እንዳትዘሉት ነው። ድንች በጨው ውሃ ውስጥ እንደሚለሰልስ ማንም ያውቃል። ስንት በመቶ ክብደት እንዳጣ ስታውቁ ግን ሴሉ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደተሟሟ ሴሉን ሳትከፍቱ ማወቅ ትችላላችሁ።

የሚያስፈልጋችሁ

ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ድንች፣ የገበታ ጨው፣ ስኳር፣ አንድ ቀይ ስር። ሰባት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች። ቢላ፣ መክተፊያ፣ ማስመሪያ፣ ሶፍት፣ ማርከር። ከፋርማሲ የሚገዛ የ20 ወይም የ50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ።

ሚዛኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሙከራው የሚበላሸው እዚህ ነው። እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ። የወጥ ቤት ሚዛን ብዙውን ጊዜ የሚያነበው በ1 ግራም ልዩነት ነው። 5 ግራም የሚመዝን አንድ የድንች ቁራጭ ግማሽ ግራም ቢጨምር እንዲህ ያለው ሚዛን ላያየው ይችላል። መፍትሔው ቁራጮቹን አብዝቶ በአንድ ላይ መመዘን ነው። በየብርጭቆው አሥር ቁራጭ ብታደርጉ ጠቅላላው 50 ግራም ገደማ ይሆናል። 10 በመቶ ለውጥ ማለት 5 ግራም ነው፤ የወጥ ቤት ሚዛን በደንብ ያየዋል።

ደረጃ 1፦ የጨው ውሃውን ማዘጋጀት

መጀመሪያ አንድ ጠንከር ያለ የጨው ውሃ አዘጋጁ። ሌሎቹን ከእሱ እያቀጠናችሁ ታገኛላችሁ። እያንዳንዱን ለብቻ ከመመዘን ይሻላል፤ 1 ግራም ጨው በትክክል መመዘን ከባድ ነው፣ 20 ግራም መመዘን ግን ቀላል ነው።

በሲሪንጁ 500 ሚሊ ሊትር ውሃ እየለካችሁ ሃይላንዱ ውስጥ ጨምሩና ውሃው የደረሰበትን ቦታ በማርከር አስምሩ። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሲሞላ ከ500 ስለሚበልጥ ምልክቱ ያስፈልጋል። ከዚያ ባዶ አድርጉት። 20 ግራም ጨው ጨምሩ፣ ግማሽ ያህል ውሃ አድርጉና እስኪሟሟ በደንብ ናጡት። ቀጥሎ እስከ ምልክቱ ድረስ ውሃ ሙሉት። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ ጨው ብትጨምሩ ጠቅላላው መጠን ከ500 ያልፋል። አሁን የያዛችሁት 4 በመቶ የጨው ውሃ ነው።

ብርጭቆዎቹን ከ1 እስከ 7 ቁጥር ስጧቸው። ከ1 እስከ 6 ያሉት እያንዳንዳቸው 200 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ፦

- ብርጭቆ 1 (0 በመቶ)፦ 200 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ብቻ
- ብርጭቆ 2 (0.5 በመቶ)፦ 25 የጨው ውሃ፣ 175 ንጹህ ውሃ
- ብርጭቆ 3 (1 በመቶ)፦ 50 የጨው ውሃ፣ 150 ንጹህ ውሃ
- ብርጭቆ 4 (1.5 በመቶ)፦ 75 የጨው ውሃ፣ 125 ንጹህ ውሃ
- ብርጭቆ 5 (2 በመቶ)፦ 100 የጨው ውሃ፣ 100 ንጹህ ውሃ
- ብርጭቆ 6 (4 በመቶ)፦ 200 የጨው ውሃ

ብርጭቆ 7 ውስጥ 8 ግራም ስኳር አድርጉና 200 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ውሃ ጨምራችሁ አሟሙት። ይህም 4 በመቶ ነው፤ የስኳር 4 በመቶ። ከብርጭቆ 6 ጋር በግራም እኩል ነው። ልጆች ካሉ አሁኑኑ ጠይቋቸው፦ 6ኛውና 7ኛው ድንቹን አንድ ዓይነት ያደርጉታል ወይስ የተለያየ? መልሳቸውን ወረቀት ላይ ጻፉላቸው።

ደረጃ 2፦ ድንቹን መቁረጥ

ድንቹን ላጡና 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ በሁለቱም ጎን 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ቁራጮች አውጡ። አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ውጤቱ ይዛባል። ቀጭኑ ከክብደቱ አንጻር ብዙ ገጽ ስላለው ቶሎ ይለወጣል። ልጣጭ እንዳይቀር፤ ልጣጩ ውሃ እንዳያልፍ ይከላከላል።

ድንቹ በሙሉ ከአንድ ቦታ የተገዛ ቢሆን ይመረጣል። ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ድንች አትጠቀሙ። ድንች ሲቀዘቅዝ ስታርቹ በከፊል ወደ ስኳር ይቀየራል፣ በሴሉ ውስጥ የተሟሟው ነገር ይበዛል፣ ውጤታችሁም ይዛነፋል።

ቆርጣችሁ እንደጨረሳችሁ ቶሎ መዝኑ። ውጭ የቆየ ድንች ይደርቃል። የየብርጭቆውን ቁራጭ በሶፍት ነካ ነካ አድርጋችሁ እርጥበቱን አንሱለት፣ መዝኑ፣ ጻፉ፣ ወደ ብርጭቆው ጨምሩ። ሁሉንም ብርጭቆ በተመሳሳይ ሰዓት ለመጀመር ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ መጠበቅ

ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ቢቻል አራት ሰዓት አቆዩት። ከላይ በክዳን ወይም በሰሃን ሸፍኑት። አድሮ ቢሆን ደግሞ ባክቴሪያ ድንቹን ማበላሸት ይጀምራል፤ ሽታ ካመጣ ውጤቱን አትመኑት።

አንድ ሰዓት ሲሞላው ከብርጭቆ 1 እና ከብርጭቆ 6 አንዳንድ ቁራጭ አውጡና በሁለት ጣታችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ለማጠፍ ሞክሩ። በንጹህ ውሃ ውስጥ የነበረው ግትር ነው። ትንሽ ሲገፉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በ4 በመቶ ጨው ውስጥ የነበረው ያለ ችግር ይታጠፋል፤ ሲለቁትም ቶሎ አይቃናም። ሁለቱም ከአንድ ድንች የተቆረጡ ናቸው። ለአንድ አፍታ በእጃችሁ አነጻጽሯቸውና ያልተሰበሩትን መልሱ። የተሰበረ ካለ ሁለቱንም ክፋይ መልሳችሁ ጨምሩ፤ ክብደቱ ውስጥ ይቆጠራል።

ደረጃ 4፦ እንደገና መመዘንና ማስላት

የየብርጭቆውን ድንች አውጡ። በሶፍት አድርቁት፤ ግን መጀመሪያ ባደረቃችሁት ልክ። አንዱን ጨምቃችሁ ሌላውን ለቀቅ ካደረጋችሁ የምትለኩት ኦስሞሲስን ሳይሆን የእጃችሁን ጥንካሬ ነው። መዝኑና ጻፉ።

አሁን ለውጡን ወደ በመቶኛ ቀይሩ፦

የክብደት ለውጥ በመቶኛ = (የኋላው ክብደት − የፊተኛው ክብደት) ÷ የፊተኛው ክብደት × 100

ለምሳሌ ብርጭቆ 1 ውስጥ 50 ግራም ገብቶ 55 ግራም ቢወጣ፣ 5 ለ50 ሲካፈል 0.1 ነው፤ በመቶ ሲባዛ +10 በመቶ። ብርጭቆ 5 ውስጥ 52 ገብቶ 47 ቢወጣ −5 ለ52 ሲካፈል −9.6 በመቶ ገደማ ነው። የመቀነስ ምልክቱን እንዳትረሱ፤ ውሃ ወጣ ማለት ነው። ለምን ግራሙን ብቻ አናወዳድርም? አነሳሱ እኩል ስላልሆነ ነው። 52 ግራም ከነበረው 5 ግራም መቀነስና 40 ግራም ከነበረው 5 ግራም መቀነስ አንድ አይደለም።

ደረጃ 5፦ ግራፉ

ስኩዌር ወረቀት ላይ አግድሙን መስመር ለጨው መጠን ስጡት፤ ከ0 እስከ 4 በመቶ። ቋሚው ለክብደት ለውጥ ይሁን። ዜሮ መሃል ላይ፣ መጨመር ወደ ላይ፣ መቀነስ ወደ ታች። የስድስቱን የጨው ብርጭቆዎች ነጥብ አስቀምጡና በነጥቦቹ መካከል ለስላሳ መስመር አሳልፉ። በየነጥቡ እየዞረ የሚሄድ ዚግዛግ አትሥሩ።

መስመሩ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ቦታ ፈልጉ። ለጥሬ ድንች ብዙውን ጊዜ 1 በመቶ ጨው አካባቢ ታገኙታላችሁ፤ እንደ ድንቹ ዓይነትና እንደቆየበት ሁኔታ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ይላል። እዚያ ነጥብ ላይ ድንቹ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ውሃ መንቀሳቀሱን አቁሞ ግን አይደለም። በየሰከንዱ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ስለሆነ ነው። ውጭ ያለው የጨው ውሃና በሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በውሃ ላይ ያላቸው ኃይል ተመጣጥኗል። ይህ ኢሶቶኒክ ይባላል። ውጭው ከዚህ ከቀጠነ ሃይፖቶኒክ፣ ከወፈረ ሃይፐርቶኒክ ነው። ሦስቱ ቃላት በየፈተናው ይመጣሉ። ከግራፉ ላይ ካያችኋቸው በኋላ መሸምደድ አያስፈልጋችሁም።

ብርጭቆ 7፦ እዚህ ጋ ቆም በሉ

አሁን የስኳሩን ብርጭቆ ተመልከቱ። 4 በመቶ ጨው ድንቹን አሟሽሾታል። 4 በመቶ ስኳር ግን አላሟሸሸውም። እንዲያውም ክብደት ጨምሯል! በግራም እኩል ናቸው፣ አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው። ከሙከራው ሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ምክንያቱ ኦስሞሲስ የሚቆጥረው ግራም ሳይሆን ቅንጣት መሆኑ ነው። ሞል የቅንጣት መቁጠሪያ ነው፤ የማንኛውም ነገር አንድ ሞል እኩል ብዛት ያለው ቅንጣት ይይዛል። አንድ ሞል የገበታ ስኳር 342 ግራም ይመዝናል። አንድ ሞል ጨው 58.5 ግራም ብቻ ነው። ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሶዲየምና ክሎራይድ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል፤ ስኳር አይከፈልም። ስታሰሉት ከ1 ግራም ጨው የምታገኙት ቅንጣት ከ1 ግራም ስኳር ከምታገኙት 12 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ድንቹን በስኳር ለማመጣጠን 11 ወይም 12 በመቶ አካባቢ ያስፈልጋል። ትርፍ ጊዜ ካላችሁ 4፣ 8፣ 12 እና 16 በመቶ ስኳር አዘጋጅታችሁ ፈትሹት።

ይህ ሒሳብ ሐኪም ቤት ውስጥም በየቀኑ ይሠራል። ሰው ሲታመም «ግሉኮስ ተሰካለት» እንላለን፤ የተሰቀለው ምንም ይሁን ምን። ከረጢቱን ጠጋ ብላችሁ ብታነቡት ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ 0.9 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ፣ ወይ 5 በመቶ ግሉኮስ። ቁጥሮቹ በጣም ይራራቃሉ። በቅንጣት ሲቆጠሩ ግን የጨዉ በሊትር 308 ሚሊ ኦስሞል፣ የግሉኮሱ 278 ገደማ ነው። የደማችን ፈሳሽ 290 አካባቢ ነው። ሁለቱም ከደም ጋር የሚቀራረቡ ሆነው የተዘጋጁት ሆን ተብሎ ነው። ንጹህ ውሃ በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ቢገባ በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ውሃ ይጎርፋል፤ ሴሎቹም ያብጡና ይፈነዳሉ።

ታዲያ ንጹህ ውሃ ውስጥ የቆየው የድንች ሴል ለምን አልፈነዳም? የዕፅዋት ሴል ከሽፋኑ ውጭ ከሴሉሎስ የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ሽፋኑ እንደ ካላማዳሪያ ነው፣ ግድግዳው እንደ ጎማ። ውሃ ሲገባ ሽፋኑ ይነፋና ግድግዳው ላይ ይጫናል፤ ግድግዳው መልሶ ይገፋዋል። ግፊቱ ሲበቃ ተጨማሪ ውሃ መግባት አይችልም። ቁራጩ ግትር ሆኖ የተሰበረው በዚህ ግፊት ምክንያት ነው። ተርገር ይባላል። ሰላጣ ፍሪጅ ውስጥ ሲጠወልግ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት የሚነቃውም ተርገሩ ስለሚመለስ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ ሽፋኑ ራሱ

እስካሁን የለካነው ውሃውን ነው። ውሃው ሲያልፍ ጨውና ስኳሩ እንደ ልብ እንዳያልፍ ያደረገው ሽፋኑ መሆኑን በምን እናውቃለን? ሽፋኑን በማበላሸት። ለዚህ ቀይ ስር ይመረጣል፤ ቀለሙ በሴሉ ውስጥ ባለው ቫኩዮል በሚባል ከረጢት ውስጥ ስለተቆለፈ ሽፋኑ ሲቀደድ በዓይን ይታያል።

ጥሬ ቀይ ስር ላጡና እኩል እኩል ቁራጮች አውጡ። ከዚያ የሚወርደው ውሃ ቀለም መያዙን እስኪያቆም ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። መጀመሪያ የሚፈሰው ቀለም በቢላ ከተቆረጡት ሴሎች የወጣ ነው፤ እሱን አንፈልገውም። ሦስት ብርጭቆ አዘጋጁ። አንዱ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ። ሁለተኛው ውስጥ 70 ዲግሪ ገደማ የሆነ ሙቅ ውሃ። ሦስተኛው ውስጥ 70 በመቶ የሕክምና አልኮል፣ ከእሳት ርቆ። እኩል ቁራጭ ጨምሩባቸውና 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ ሁለት እጅ የፈላ ውሃና አንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍታው ስላለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቅልቅሉ ወደ 70 ይጠጋል።

ቀዝቃዛው ውሃ ከሞላ ጎደል ጥርት ብሎ ይቆያል። ሙቁ ውስጥ ከቁራጮቹ ሥር ቀይ ጭስ የመሰለ ነገር እየተጥመለመለ ሲወርድ ታያላችሁ፤ ጥቂት ቆይቶ ብርጭቆው በሙሉ ይቀላል። አልኮሉም እንዲሁ። ሙቀት በሽፋኑ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ያበላሻል፣ የቅባቱንም አደራደር ያናጋል። አልኮል ደግሞ ቅባት ያሟሟል። ሁለቱም ቀለሙን መልቀቃቸው ሽፋኑ ከምን እንደተሠራ ይነግረናል፦ ከቅባትና ከፕሮቲን። ሁለት ድርድር የቅባት ሞለኪውሎች ጀርባ ለጀርባ ተያይዘው ይቆማሉ። ፕሮቲኖች በመሃላቸው ተሰክተዋል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶ ሺኛ እጅ እንኳ አይሞላም።

ማይክሮስኮፕ ላገኘ

ትምህርት ቤታችሁ ማይክሮስኮፕ ካለው ቀይ ሽንኩርት ይዛችሁ ሂዱ። ከውጭ በኩል ያለውን ሐምራዊ ስስ ልጣጭ በጥፍራችሁ ላጡ፤ እንደ ፌስታል የሚያሳይ መሆን አለበት። ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉና ልጣጩን ሳይታጠፍ ዘርጉት፣ በመሸፈኛው መስታወት ክደኑት። ሐምራዊ ጡብ የተደረደረ ይመስላል፤ ቀለሙ እያንዳንዱን ጡብ ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል።

ቀጥሎ በመሸፈኛው በአንድ ጎን 5 በመቶ የጨው ውሃ አንድ ጠብታ አኑሩ። በሌላው ጎን ሶፍት አስነኩት። ሶፍቱ ውሃውን ሲመጥ የጨው ውሃው ከሥር ይገባል። ዓይናችሁን ከማይክሮስኮፑ አታንሱ። መጀመሪያ ከማዕዘኖቹ፣ ከዚያ ከጎኖቹ ሐምራዊው ከግድግዳው ይላቀቃል። እየተሰበሰበ መሃል ላይ ይኮማተራል፤ ቀለሙም እየጠቆረ ይሄዳል። ግድግዳው ባለበት ቆሟል። ተላቆ የሸሸው ጠርዝ የሴሉ ሽፋን ነው። በተለመደው ሁኔታ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር አይታይም፤ የሚለየው አሁን ነው። ክስተቱ ፕላዝሞሊሲስ ይባላል። በዚያው መንገድ ንጹህ ውሃ ብታሳልፉበት ብዙዎቹ ሴሎች መልሰው ይሞላሉ። ብዙ ካቆያችኋቸው ግን ይሞታሉ፤ አይመለሱም።

ሴሉ ውሃውን እንዴት ይቆጣጠራል?

አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። ውሃን በቀጥታ ይዞ የሚገፋ የሴል ፓምፕ የለም። ሴል የሚገፋው ሌላውን ነው፤ ሶዲየምን፣ ፖታሲየምን፣ ስኳርን። ውሃው ተከትሎ ይሄዳል። ሁለተኛው መቆጣጠሪያ በሽፋኑ ላይ ያሉት የውሃ ማሳለፊያ በሮች ብዛት ነው።

የበሮቹ ታሪክ ቅርብ ነው። ኦስሞሲስ ራሱ ከታየ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1748 ፈረንሳዊው ዣን-አንቷን ኖሌ አልኮል የሞላበትን ዕቃ አፉን በአሳማ ፊኛ ወጥሮ ውሃ ውስጥ ሲያስቀምጠው ፊኛው ተነፋ። ከቅባት የተሠራ ሽፋን ውሃን በዚያ ፍጥነት እንዴት እንደሚያሳልፍ ግን ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም። ትንሽ ውሃ በቅባቱ መሃል እየሾለከ ያልፋል፤ ለቀይ የደም ሴልና ለኩላሊት ግን አይበቃም።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1992 መጣ። ፒተር አግሬና ባልደረቦቹ ከቀይ የደም ሴል ሽፋን አንድ ሥራው ያልታወቀ ፕሮቲን አግኝተው ነበር። ውሃ የሚያሳልፈው እሱ ይሆን ብለው የእንቁራሪት እንቁላል ሴል ወሰዱ። እንቁራሪት ኩሬ ውስጥ የምትጥለው እንቁላል በተፈጥሮው ውሃ በቀላሉ አያስገባም። ፕሮቲኑን የሚያሠራ አርኤንኤ ወጉትና በጣም የቀጠነ ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጡት። የተወጋው እንቁላል አብጦ አብጦ ፈነዳ። ያልተወጋው ምንም አልሆነም። ፕሮቲኑ አኳፖሪን ተባለ፤ አግሬም እ.ኤ.አ. በ2003 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ከሮድሪክ ማኪነን ጋር ተጋራ። በአንድ አኳፖሪን በሰከንድ 3 ቢሊዮን ያህል የውሃ ሞለኪውል ማለፍ ይችላል፤ አንድ በአንድ በሰልፍ።

በሰውነታችን ውስጥ የእነዚህ በሮች ብዛት በትእዛዝ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ኩላሊታችን በቀን 180 ሊትር ገደማ ያጣራል፤ የምንሸናው ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው። ውሃ ሲጠማን አንጎል ኤዲኤች የተባለ ሆርሞን ይለቃል። ኩላሊት ውስጥ ያሉ ሴሎች ትእዛዙ ሲደርሳቸው ከውስጥ ያስቀመጧቸውን አኳፖሪኖች አውጥተው ሽፋናቸው ላይ ይሰካሉ። ብዙ ውሃ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ይጠቁራል። በደንብ ጠጥታችሁ ስትመጡ በሮቹ ተነቅለው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሽንቱም ይቀጥናል።

ኦአርኤስ ለምን በልኩ ይበጠበጣል?

ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም፤ ሕይወት የሚያድን ኦስሞሲስ ነውና። በተቅማጥ የሚሰቃይ ሕፃን አንጀቱ ውስጥ ሶዲየምና ግሉኮስን በአንድ ላይ ይዞ ወደ ሴሉ የሚያስገባ ፕሮቲን አለ። በተቅማጥ ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን አያቋርጥም። ስኳሩ ሶዲየሙን እንዲገባ ይረዳዋል፤ ሁለቱ ሲገቡ ውሃው ይከተላል። ለዚህ ነው ኦአርኤስ ጨውም ስኳርም የያዘው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2002 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚመክረው ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ 245 ሚሊ ኦስሞል ነው። ከደም ያንሳል፤ ስለዚህ ውሃ ከአንጀት ወደ ደም መሄድ ይቀለዋል። የአንድ ሊትሩን ፓኬት «ጠንከር ይበል» ተብሎ በግማሽ ሊትር ቢበጠበጥ ግን 490 ይሆናል። ከደም በእጅጉ በለጠ ማለት ነው። አሁን ውሃው አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከሕፃኑ ሰውነት ወደ አንጀት ይወጣል፣ ተቅማጡም ይብሳል። ብርጭቆ 6 ውስጥ ድንቹ ላይ ያያችሁት ይኸው ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ለክታችሁ በጥብጡ፤ ንጹህ ውሃ ብቻ፣ ሌላ ስኳር ወይም ጨው ሳትጨምሩ። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ ወይም ዓይኑ ከሰረጎደ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ውጤቱ ካልመጣላችሁ

ሁሉም ብርጭቆ ላይ ድንቹ ክብደት ከጨመረ፣ ጨዉ በደንብ አልሟሟም ወይም በመጨረሻው ምዘና በቂ አላደረቃችሁም። ሁሉም ከቀነሰ ድንቹ ሳይመዘን ቀድሞ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ላጥ አድርጎ ውሃ ውስጥ መጣል የወጥ ቤት ልማድ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያስበው ያደርገዋል። ድንቹ ያኔውኑ ውሃ ጠግቧል፤ ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢገባም የሚጨምርበት ቦታ የለውም። አንድ ነጥብ ብቻ ከመስመሩ ከወጣ ያንን ብርጭቆ ብቻ ድገሙት፤ ከመስመሩ ጋር እንዲገጥም ብላችሁ ቁጥሩን አትቀይሩ።

4 በመቶው ከ2 በመቶው እጥፍ አልቀነሰም ብላችሁም አትጨነቁ። ሴሉ የሚያጣው ውሃ ወሰን አለው። መስመሩ ታች ላይ እየተኛ መሄዱ ትክክል ነው።

ድንቹ ከተሳካ ካሮትና ስኳር ድንች ሞክሩ። ሁለቱም ከድንች ይጣፍጣሉ፤ በሴላቸው ውስጥ የተሟሟ ስኳር ይበዛል። መስመራቸው ዜሮን የሚያቋርጠው ከድንች በስተቀኝ ነው ወይስ በስተግራ? ከመጀመራችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ፤ ከዚያ ሦስቱንም በአንድ ግራፍ ላይ በተለያየ ቀለም ሥሯቸው።